እንዳትነካኝ ያልኩበት ዳገት

ይድረስ ለበያጁ ጓደኛዬ ለብልጭታ፤

መዳፌ ከመላጡ በቀር ደህና ነኝ። የሠራህልኝ የውድድር ዊልቸር ማራቶኑን ጨርሳለች! ጠዋት ከውድድሩ በፊት ዊልቸሮቹን የሚፈትሸው መርማሪ ብየዳህን በጣቱ አንኳኩቶ ራሱን ሲነቀንቅ፣ እኔም መልሼ ነቀነቅኩበት።

ታዋቂዎቹ ሯጮች እንደ ንፋስ አለፉኝ፤ ይለፉ! ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ግን ዳገት መጣ። ክንዴ ዝሎ ወደ ኋላ መንሸራተት ስጀምር አንድ አስተናባሪ አዝኖልኝ ሊገፋኝ ሮጠ። ሰው ከገፋኝ ደግሞ ከውድድሩ መሰረዜ ነው። "ንክች እንዳታደርገኝ!" ብዬ በራሳችን ቋንቋ ጮህኩበት። ቃሉ ባይገባውም ባለበት ደርቆ ቀረ። እኛ ሰፈር እኮ ሱቅህ እስክደርስ ሳይጠይቀኝ የሚገፋኝ ስንቱ ነው! እኔም ሞኟ "እግዜር ይስጥልኝ" እላለሁ።

ዳገቱን በገዛ ክንዴ ወጣሁት። ከመጨረሻ ሁለተኛ ነኝ፤ የሚስቅ ይሳቅ።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላብኝ። እናትህን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። "እዚያ አገር ማን ይገፋታል?" እያሉ ሲጨነቁ ነበር፤ ማንም አልገፋኝም በላቸው። አንተም መጋዝህን ሳል። ስመለስ የዘወትር ዊልቸሬ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለቱን መግፊያ እጀታዎች ትቆርጥልኛለህ። ከእኔ ጋር መሄድ የሚፈልግ ሰው አጠገቤ ይሂድ።