የድንች ሚዛኔና የትግስት ትከሻ

ኅዳር 3፣ ረቡዕ
ከፎንቆ የመጣውን ድንች አራገፍኩ። ወገቤ! ከዚያ ተንጠልጣይ ሚዛኔን ለልጄ ለትግስት የስፖርት መምህር አዋስኩት። በከተማችን ሆቴል መዋኛ ውስጥ ተማሪዎቹን በሆዳቸው አስተኝቶ በገመድ ይጎትታቸዋል፤ ሚዛኑ ገመዱ መሀል ነው። ውኃው ማንን አብዝቶ እንደሚይዝ ይታያል አለኝ። ቆሜ አየሁ። በትግስት ተራ የሚዛኑ መርፌ ከሁሉም በላይ ሄደ። የእናቷን ትከሻ ነው የወረሰችው፣ ሰፊ። ልጆቹ "ድንች ጭነሽ ነው እንዴ?" አሏት። ተሳሳቁ። ማስታወሻዬ፣ እኔም ሳቅሁ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ
የቤ/ክ ጾም ጸሎት ቀን። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ከቤቱ የምጾመው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ ትግስትም ምሳ አልበላም፣ እጾማለሁ አለች። ትናንትም እንደዚሁ። ገና አሥራ አራት ዓመቷ! ተንበርክኬ አመሰገንኩ። እናቷ ባየቻት።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት
ትግስት መዋኛው ውስጥ ራሷን ሳተች። መምህሩ ዘሎ አወጣት። ጤና ጣቢያ ነን። ነርሷ መቼ ነው የበላችው አለች። ጾም ላይ ናት አልኩ፣ ኮራ ብዬ። "ስንት ቀን ሙሉ ነው የምትጾመው፣ አባቴ?" ነርሷ የትግስትን ሹራብ እጅጌ ሰብስባ ክንዷን አሳየችኝ። የባለቤቴም ክንድ በመጨረሻው ወር እንዲህ አጥንት ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ሕመም መሆኑ ገብቶኝ ነበር። አሁን ግን ጸሎት ነው አልኩ።
ትግስት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ "አባዬ፣ የሚዛኑ መርፌ እንዲወርድልኝ ነው" አለች።

ኅዳር 14፣ እሑድ
ቤ/ክ መዝሙር ከአፌ አልወጣ አለ። ከሰዓት መምህሩ ወደ ቤታችን መጣ፣ አቀርቅሮ። ሰፊ ትከሻ ውኃ ይይዘዋል፤ ውኃውን የምትገፋውም ግን በዚያው ትከሻ ነው፤ ከሁሉም ፈጣኗ እሷ ናት አለ። ለእሷስ ነግረሃታል? አልኩት። አልነገራትም። ልቆጣው ተነሣሁ። ሚዛኑ የኔ፣ ሳቁም የኔ። በምን አፌ? ተቀመጥኩ።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት
ጾም ጸሎት ነው፤ አልሄድኩም። የቤ/ክ ሽማግሌው ደወሉ። ከልጄ ጋር ምሳ እበላለሁ አልኳቸው። ደነገጡ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ እሷ ደህና እስክትበላ ድረስ አልጾምም። ቆጮና አይብ አቀረብኩ። አንዴ አጎረስኳት። አልዋጠችም። ጉንጯ ውስጥ ይዛ ታየኛለች። እንዳላፈጥጥባት ብዬ ነው የምጽፈው። አሁን ጉሮሮዋ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ቀና ብዬ ልይ