ከአባዬ ካፖርት የተሰፋው ብርድ ልብስ

ለምወድህ ወንድሜ ለአሳሄል፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ሮክሳናስ እንዴት ናት? ትንሿ ልጃችሁ ጥርስ አወጣች? ያ በየዝናቡ የሚመላለስብህ ትኩሳት ተወህ ወይስ አሁንም ያንቀጠቅጥሃል? ይህን ስጠይቅህ መልሱ ከመንፈቅ በኋላ እንደሚደርሰኝ አውቃለሁ፤ ያኔ ደግሞ ሌላ ነገር ያምህ ይሆናል። እኛ ደህና ነን። እማዬም አለች። ዓይኗ ግን ደክሟል፤ መርፌዋ ላይ ክር የማስገባላት እኔ ነኝ።

የሜፕሉ ዛፍ ጣፋጭ ውሃ መንጠባጠብ ጀምሯል። የምቀዳውም፣ ስኳር እስኪሆን የማፈላውም እኔው ነኝ። ጎረቤታችን ኤልካና ድስቱን ሊያነሳልኝ ይመጣና፣ «አሳሄል አፍሪካ ድረስ ሄዶ አረማውያንን ሲያድን አንቺን ማን ያድንሽ ሎቪና?» ብሎ ይስቃል። አብሬው እስቃለሁ። ከሄደ በኋላ ሳቁ ፊቴ ላይ ደርቆ ይቀራል።

የምጽፍልህ ግን ስለ ብርድ ልብሱ ነው።

ደብዳቤህን እንደ ወትሮው ለቄሱ ስለላክኸው፣ የሰማነው እንደማንኛውም ሰው ቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው። እማዬ ጥሩ ቆቧን አድርጋ ነበር። እዚያ ናታል ያለው የጎሳ አለቃ ለትምህርት ቤት መሬት አልሰጥም ብሎህ፣ ከአልጋህ ላይ እማዬ የሰፋችልህን ብርድ ልብስ አንስተህ ትከሻው ላይ ጣል እንዳደረግህለት፣ በማግስቱም መሬቱን በእጁ እያሳየ እንደሰጠህ ቄሱ አነበቡ። ሰው ሁሉ ዞሮ እማዬን አየ። የስፌት ማኅበሩ መሪ ወይዘሮ ፊለና የእማዬን እጅ ጭብጥ አድርጋ፣ «የታደልሽ እናት! ጨርቅሽ ወንጌል ሰበከ እኮ!» አለቻት። እማዬ ፈገግ አለች። ጥርሱን የሚያመው ሰው እንግዳ ፊት እንደሚያደርገው።

ማኅበሩ በየዓመቱ በበርሜል የሚልክልህን ሸሚዝና ካልሲ ለፈለግኸው ስጥ። ይህ ግን የአንተ ነበር። መሐሉ ላይ ያለው ቡናማ ጨርቅ አባዬ የሞተበት ዓመት የለበሰው ካፖርት ነው። ዳር ዳሩ፣ ሰማያዊው፣ በሕፃንነቱ የቀበርነው የወንድማችን ቀሚስ። አታውቅም ነበር? ወይስ እያወቅህ? የበረዶውን ወራት ሁሉ በዚህ ጥያቄ ስመላለስ ከረምኩ። ባያውቅ ይሻላል እላለሁ። ደግሞ፣ እንዴት አያውቅም እላለሁ። ከገበያ ስንመለስ በበረዶ ሸርተቴው ላይ፣ በዚያ ካፖርት ተጠቅልሎ የሚተኛው ማን ነበር?

አለቃውን አልተቀየምኩም። ሰው ሲያለብሱት ይለብሳል። እሱ መሬቱን ሰጠ። አንተ የሰጠኸው ግን የማንን ነው?

ወደ ቤት እንደገባን እማዬ ቆቧን እንኳ ሳታወልቅ፣ «ታዲያ ልጄ ምን ለብሶ ይተኛል?» አለች። ይህችን ብቻ። የሐምሌው ሌሊት አጥንት ይሰብራል ብለህ የጻፍኸው አንተው አይደለህ? በማግስቱ ሳጥኗን ከፍታ ጥቁሩን የሐር ቀሚስ አወጣች፤ ከአባዬ ቀብር ወዲህ ያልለበሰችውን፣ «በዚህ ቅበሩኝ» እያለች ያኖረችውን። መቀስ አቀብዪኝ አለችኝ። «ተይ እማዬ፣ ይህ እኮ የመጨረሻ ልብስሽ ነው» ብላት፣ «አንቺ ደግሞ! የሞተ ሰው ይበርደዋል እንዴ? ይልቅ ክር አስገቢልኝ» አለችኝ።

አስገባሁላት። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

በርሜሉ መንገዱ ሲደርቅ ወደ ቦስተን ወደብ ይሄዳል። አዲሱን ብርድ ልብስ ወይዘሮ ፊለና ሳታየው ከካልሲዎቹ ሥር ከትቼዋለሁ። ስፌቱ ይጠማዘዛል፤ ዓይኗ ነው። እማዬ የምትቀበረው በእኔ ግራጫ ቀሚስ ነው። ከእኔ ስለምትረዝም ጠርዙን ፈትቼ አስረዝሜዋለሁ። ይህንንም ለሌላ ሰው ልትሰጥ ከሆነ፣ ስጥ። ለቄሱ ግን አትጻፍላቸው።

ሮክሳናን ሰላም በልልኝ። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። ኤልካናም ሰላም ብሎሃል። እማዬ ትስምሃለች። አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ምን ብለሽ ጻፍሽለት?» ትለኛለች። ደህና ነን ብዬ፣ አልኳት። «ብርድ ልብሱ እንደሚመጣ ነግረሽዋል?» አለችኝ።

ነግሬዋለሁ፣ አልኳት።

እህትህ ሎቪና
ሃርዶው ኮረብታ፣ ቬርሞንት
መጋቢት 14 ቀን 1853