አሥራ ሰባት ካሬ ሜትር ከነበረንዳው

ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ ለአውኔ፤

እንደምን ከርመሻል እታለም? ክረምቱስ እንዴት ያዘሽ? ያ ደረጃ ስትወጪ የሚያስቃስትሽ ጉልበት ተሻለው ወይስ አሁንም እንደ አሮጌ የበር ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ ይላል? ባለቤትሽ ጎርደን ልቡን ከታየ በኋላ ሐኪሞቹ ምን አሉት? የልጅ ልጅሽስ ቆማ መሄድ ጀመረች? እናንተ ያላችሁበት ሃሊፋክስ በረዶ በረዶ እያለ ነው ሲሉ ሰምቼ አንቺን አንቺን ስል ሰነበትኩ። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ታይስቶ ደህና ነው፤ እኔም እበላለሁ፣ እራመዳለሁ፣ ጥርሴም ከሞላ ጎደል በቦታው ነው። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ ግን ደህና የሆነ ሰው ደብዳቤ አይደለምና ተቀምጠሽ አንብቢው።

የላክሽው ካርድ ደርሶኛል። «እንኳን ደስ አላችሁ፣ በስተርጅና ቤታችሁን መርከብ ላይ ልታደርጉ ነው አሉ፣ በሴፕቴምበር ወደቡ ላይ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ» ያልሽበትን። ታይስቶ ፍሪጁ በር ላይ ለጥፎታል። ወተት ላወጣ በሄድኩ ቁጥር አነበዋለሁ። እታለም፣ እኔ መሄድ አልፈልግም። ይህን ከአፌ አውጥቼ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለታይስቶም ጭምር። መጀመሪያ የሰማሽው አንቺ ነሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው የጀመረው። ታይስቶ መርከብ ማምረቻው ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የካቢን በረንዳ በር ሲገጥም እንደኖረ ታውቂያለሽ። ስንት ሺህ በር እንደገጠመ እሱም አያውቀው፤ ከነዚያ ክፍሎች ግን በአንዱም አድሮ አያውቅም። ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ወር የመርከብ ጉዞ ካታሎግ መሰብሰብ ጀመረ። አንድ ሐሙስ የአተር ሾርባችንን እየበላን፣ ቀና ሳይል፣ «ቤቱን ሸጠን ሦስት ዓመት መርከብ ላይ ብንኖርስ» አለኝ። እኔ ሰናፍጩን አቀብለኝ አልኩት። አቀበለኝ፣ አለቀ። በእኛ ቤት የማይስማማ ሰው ነው የሚናገረው፤ የተስማማ ዝም ይላል። አርባ ሁለት ዓመት እንዲሁ ነው የኖርነው፣ ስለዚህ ዝም ማለቴን እሺ ብሎ ወሰደው። ደንግጬ ነው ዝም ያልኩት፣ እሱ ግን በምን ይወቅ?

በሳምንቱ ከገበያ ስመለስ የሳሎኑን ወንበሮች ግድግዳ ዳር ደርድሮ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ወለሉ ላይ ቀይ ፕላስተር ሲለጥፍ አገኘሁት። ካቢኑን በልኩ እየሳለው ኖሯል። አልጋው እዚህ፣ ቁምሣጥኑ እዚህ፣ መታጠቢያው እዚህ፣ ከዚያ ተንሸራታቹ በር፣ ከዚያ በረንዳው። ከነበረንዳው አሥራ ሰባት ካሬ ሜትር። ሁለት የአትክልት ወንበሮቻችንን ከጋራዥ አምጥቶ በረንዳው ላይ አስቀመጠና «ነይ ባሕሩን እዪ» አለኝ። ባሕሩ ያለው በመጻሕፍት መደርደሪያው በኩል ነው። ተቀመጥኩለት፤ ምን ላድርግ?

ከዚያ ወዲህ በፕላስተሩ ውስጥ ነው የምንኖረው። ቡና የምንጠጣው እዚያ ነው፣ ቴሌቪዥን የምናየው እዚያ ነው። መስመሩን ረግጬ ካለፍኩ «ግድግዳ ጥሰሽ ወጣሽ» ይለኛል፣ እየሳቀ ነው ግን ከልቡ ነው። ጎረቤታችን ኪሊኪ ልትጠይቀን መጥታ ጫማዋን አወለቀችና መስመሩ ላይ ቆማ አየሩን ማንኳኳት ጀመረች። «እመቤቴ፣ ካፒቴኑ አሉ?» አለች። ታይስቶ ከሳቁ የተነሳ እንባው መጣ። ኪሊኪ ደግሞ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ምነው ፊትሽን ጣልሽ? ሰው በዚህ ዕድሜ በረዶ ይዝቃል፣ አንቺ ባሕር እያየሽ ቁርስ ልትበዪ ነው» አለችኝ። ሳቅሁ። ሲሳቅ መሳቅ ለምዶብኛል።

አሁን ጥፋቴን ልንገርሽ። ማምረቻው አዲስ መርከብ ከመሥራቱ በፊት አንድ የናሙና ካቢን ሙሉ አድርጎ ይሠራል። ከዚያ የገዢው ኩባንያ ሰዎች ይመጡና በየክፍሉ እየዞሩ ያልወደዱትን ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት ላይ እየጻፉ ይለጥፋሉ። ወረቀት የተለጠፈበት ይስተካከላል፤ ወረቀት ያልተለጠፈበት እንደጸደቀ ይቆጠራል። ታይስቶ ዕድሜውን ሙሉ እነዚያን ወረቀቶች ሲያነብና ሲያስተካክል የኖረ ሰው ነው። ታዲያ ለእኔም አንድ ደብተር ቢጫ ወረቀት ገዝቶ ሰጠኝ። «ደንበኛዋ አንቺ ነሽ፣ ያልተመቸሽን ሁሉ ለጥፊ» አለኝ።

ይኸው ዕድል መጣልኝ አልኩ። አልሄድም ብሎ መናገሩ ቢያቅተኝ፣ በጥቃቅኑ ነገር አሰለቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። የፎጣ መስቀያው ዝቅ ብሏል ብዬ ጻፍኩ። የመታጠቢያው መጋረጃ ገላ ላይ ይጣበቃል አልኩ። አልጋው ከቁምሣጥኑ ጋር ስለተጠጋ ሌሊት የተነሳ ሰው ጉልበቱን ይመታል አልኩ። በረንዳችንን ከጎረቤት የሚለየው ግድግዳ ከሥሩ ክፍት ስለሆነ የሰው ባዶ እግር እያየሁ ቡና አልጠጣም አልኩ። እሱ አልተሰላቸም እታለም። መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ አነበበ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካና «ጥሩ ዓይን አለሽ፣ ማምረቻው ውስጥ መቀጠር ነበረብሽ» አለኝ። እንደዚያ ደስ ብሎት ያየሁት ልጃችን ሜርቪ የተወለደች ጊዜ ነው።

በሁለት ኩባንያዎች መካከል ነበር የሚያመነታው። እሱ በስማቸው አይጠራቸውም፣ በጭስ ማውጫቸው ቀለም ነው። ሰማያዊው አዲስና ግዙፍ ነው፤ ግማሾቹ በረንዳዎች የሚያዩት ወደ ባሕር አይደለም፣ በመርከቡ ሆድ ውስጥ ወዳለ መንገድ ነው። ሰው በረንዳው ላይ ወጥቶ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው በረንዳ ያያል ማለት ነው። ለዚህማ ኪሊኪ ትበቃኛለች ብዬ ለጠፍኩ። ሰማያዊው በዚያው ወደቀ። ቢጫው አሮጌና ዝምተኛ ነው። አልጋው የተጠጋው ወደ በረንዳው በር ነው፣ የበረንዳው መከላከያ መስታወት ስለሆነ ተኝተሽም ባሕሩ ይታይሻል፣ መታጠቢያው በመጋረጃ ፈንታ በር አለው፣ ከጎረቤት የሚለየው ግድግዳም እስከ ወለል ይደርሳል። ሳውና የለውም ብዬ ለጠፍኩ፤ ታይስቶ ስልክ ደውሎ ሰባተኛው ፎቅ ላይ መኖሩን አረጋገጠ፣ እንጨቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይቀር ጠየቀ። እያንዳንዱ ወረቀቴ ወደ መርከቡ በር አንድ እርምጃ ገፋኝ እንጂ አላወጣኝም።

በመጨረሻ መልስ የማያገኝለት መሰለኝና «እህቴን የት አገኛታለሁ?» ብዬ ጻፍኩ። እሁድ እሁድ በስልክ የምናወራውን ማለቴ ነበር። ታይስቶ ያንን ወረቀት ይዞ ሁለት ቀን ዞረ። ከዚያ የቢጫውን የጉዞ ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ፤ ሃሊፋክስ፣ ሴፕቴምበር አሥራ አራት። «አሥራ አንድ ዓመት ሆናችሁ ካልተያያችሁ» አለኝ፣ ጣቱን ሳያነሳ። ለአንቺም የጻፈልሽ ያን ዕለት ነው። አየሽ እንዴት እንደታሰርኩ? አልሄድም ካልኩ አንቺንም አልፈልግም ማለት ሆነብኝ።

እውነቱን ልንገርሽ። ባሕር አልጠላም። ግን አሥራ ሰባት ካሬ ሜትር ውስጥ መኖሬን ሳስበው ትንፋሽ ያጥረኛል። በጠዋት ተነስቼ ብቻዬን የምሆንበት ኩሽና እፈልጋለሁ። የሪባርብ ተክሌን ከበረዶው ሥር ሲወጣ ማየት እፈልጋለሁ። ታይስቶን እወደዋለሁ፣ ግን የምወደው እሱ ጋራዥ እኔ ኩሽና ሆነን በግድግዳ በኩል ሲያፏጭ እየሰማሁት ነው። ይህ ክፋት ነው እንዴ? ባለፈው ቅዳሜ ቤቱን ሊገዙ የመጡ ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስትየው የኩሽናዬን መስኮት በሜትር ለካች፣ ለመጋረጃ። እንዳላለቅስ ምድጃውን መጥረግ ያዝኩ። ንጹሕ ነበር ምድጃው። ማክሰኞ ታይስቶ የመጨረሻውን ፍተሻ አደርጋለሁ ብሏል፣ ረቡዕ ሁለቱም ውል ይፈረማል፤ የቤቱም የካቢኑም።

ደብዳቤውን ሰኞ እዚህ ላይ አቁሜው ነበር። ዛሬ ዓርብ ነው።

ማክሰኞ ታይስቶ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፋይሉን በብብቱ ይዞ ፕላስተሩ መሀል ቆመ። «የቀረ አስተያየት አለ?» አለኝ፣ እንደ ማምረቻው ሰው ቆፍጠን ብሎ። ወረቀቱን አወጣሁና «እኔ አልገባም» ብዬ ጻፍኩበት። የት ልለጥፈው? ግድግዳ የለ፣ በር የለ። ሹራቤ ላይ፣ ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ ብሎ አነበበው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ። ከአተር ሾርባው ጀምሮ አልኩት። «ታዲያ መስቀያው? መጋረጃው? ሳውናው?» ይሰለችሃል ብዬ ነበር አልኩት። «እኔ እኮ እየወደድሽው መስሎኝ ነው» አለ። «ሰው ለማይገባበት ክፍል መስቀያው ዝቅ አለ አይልም።» ከዚያ ወጥቶ ጠዋት የተጠረገውን ደጅ እንደገና በረዶ ሲዝቅ ዋለ። በመስኮት አየሁት፣ ግን አልጠራሁትም። ብጠራው እሺ ልለው እንደምችል ስለማውቅ ፈራሁ።

ረቡዕ ውሉን ልንፈርም አልሄድንም። ሐሙስ ለገዢዎቹ ደውሎ ቤቱ አይሸጥም አላቸው። ከዚያ ፕላስተሩን እየላጠ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ እሱ ግን እንደሚሄድ ነገረኝ። ሦስት ዓመት አይደለም፣ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ፣ በቢጫው፣ ብቻውን። ቁጣ የለበትም። «አስተያየትሽ ተገቢ ነው፣ መፍትሔውም ይኸው» አለኝ። በገዛ ወረቀቴ ላይ የሚገባውን መልስ ሰጠኝ።

ስለዚህ እታለም፣ በሴፕቴምበር አሥራ አራት ወደቡ ላይ ስትቆሚ የሚወርደው እሱ ብቻ ነው። ይቅር በይኝ። ላቅፍሽ እየቻልኩ ነው የቀረሁት፣ ይህንንም እያወቅሁ ነው። እሱን ግን አትቆጪው፣ እኔን በሱ ፊት አትውቀሺኝ። ወደ ካቢኑ ውጪና እዪልኝ ይልሻልና ውጪለት። የበረንዳውን በር በአንድ ጣቱ ከፍቶ ያሳይሻል፤ አድንቂለት። ከዚያ ለእኔ ጻፊልኝ፤ ከስቷል ወይ፣ ሸሚዙ ይተኮሳል ወይ፣ ከሰው ጋር ይጫወታል ወይ። እሱን ብጠይቀው ደህና ነኝ ነው የሚለኝ።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። የያዘውን ክፍል ሥዕል ሲያሳየኝ ሁለት አልጋ አየሁ። ለአንድ ሰው ለምን ሁለት አልጋ አልኩት። ባለ አንድ አልጋው ክፍል በረንዳ የለውም አለኝና ሥዕሉን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ዛሬ ጠዋት ጋራዥ ሲገባ ካታሎጉን አነሳሁ። ገጽ አርባ አራት ላይ ባለ አንድ አልጋ ክፍል አለ፣ ከነበረንዳው፣ በሩም ተንሸራታች ነው። ካታሎጉን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው እኮ። በአርባ ሁለት ዓመት ሲዋሸኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ካታሎጉን ቦታው መለስኩ፣ እንዳየሁም አልነገርኩትም። ቢቆጣኝ እመልስለት ነበር፤ ለባዶ አልጋ ግን ምን ተብሎ እምቢ ይባላል?

ጎርደንን በጣም አድርገሽ ሳሚልኝ፣ መድኃኒቱን ሳይረሳ ይውሰድ በይልኝ። ልጅሽን ሼላን፣ አክስትሽን ናፍቀሻታል በያት። የልጅ ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጯን። ሜርቪ ከነባሏ ሰላም ብላሻለች። ኪሊኪም ሰላም በያት ብላኛለች፤ ወሬውን ገና አልሰማችም። ታይስቶ ጋራዥ ውስጥ ሻንጣ እየጠገነ ነው፤ ሰላምታውን ራሱ ይዞልሽ ይመጣል።

ታናሽ እህትሽ ሂልካ
ቱርኩ፣ ዓርብ ማርች 15 ቀን 2019