አየኝና ዝም አለኝ

አርብ፣ ኅዳር 1። ምሳ ሰዓት

አንሶላው ገና አልደረቀም። እንግዶቹ ዛሬ ጠዋት ተጠራርገው ወጡ፣ የሁሉም አልጋ ልብስ አንድ ላይ መጣብኝ። ወገቤ ተቆርጧል። ሆቴሉ ጓሮ፣ ልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ፣ ማስታወሻዬ። አለቃዬ ሳትጠራኝ ቶሎ ቶሎ ልበል።

ባለቤቴ ሞላ ትናንት ከወልድያ ሲመለስ ሚኒባሱን ከአያ ተፈራ የግቢ በር ጋር አጋጨው። አያ ተፈራ የመኪናው ባለቤት ናቸው። አልተቆጡትም። ይህን ሁሉ ዓመት ሲነዳላቸው አንድ ጭረት እንኳ አሳይቷቸው አያውቅም። ለእሳቸው ፍሬኑ ነው አላቸው። ለእኔ ደግሞ ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነው አለኝ። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ይችላል?

ደክሞታል። ያ የጋሸና ጠጠር መንገድ ሰው ይጨርሳል።

እሑድ ግን መናፈሻ ልንሄድ ነው! ማዘጋጃ ቤቱ መሀል ከተማ ያቺን ባዶ ቦታ አጥሮ ዥዋዥዌና ሸርተቴ ካቆመባት ወዲህ ልጆቼ ዕረፍት ነስተውኛል። የሜሮን የክፍል ጓደኞች ሁሉ ሄደዋል። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ት/ቤት ስትጠየቅ ያሳፍራታል። ቃልኪዳን አራት ዓመቷ ነው፤ ዥዋዥዌ ምን እንደሆነ እንኳ አታውቅም፣ ግን እህቷ ካለቀሰች እሷም ታለቅሳለች። ሞላ እሺ ብሏል። አራታችንም። አራታችን አብረን የወጣነው መቼ ነበር? ትዝ አይለኝም።

ተጠራሁ።


እሑድ፣ ኅዳር 3። ከቀኑ 11፡00 ሰ.

ልጻፈው። ካልጻፍኩት እፈነዳለሁ።

ከቤ/ክ መልስ ምሳ በልተን ወጣን። የልጆቹን ፀጉር ሹሩባ ሠርቼላቸዋለሁ። ቃልዬ ቀይ ሹራቧን ለብሳለች። ሞላ ኮቱን አጥልቆ፣ ጫማውን አስጠርጎ። መናፈሻው ትንሽ ነው። ጥቂት ጥድ፣ የድንጋይ መቀመጫ፣ ዙሪያውን የሽቦ አጥር። ከአጥሩ ወዲያ መሬቱ ይቆረጣል። እዚህ አገር ሜዳ አንድ እፍኝ ነው፣ ከዚያ ገደል። ሰው ሞልቷል። ሜሮን ሸርተቴው ላይ ስትጮህ ሳቅኩ፣ እንባዬ እስኪመጣ። ሞላም ሳቀ። ሲስቅ ፊቱን ወደ ሌላ በኩል ነበር ያዞረው። ያኔ አላስተዋልኩም።

ለስላሳ ልገዛ ሜሮንን ይዤ በሩ አጠገብ ወዳለችው ሱቅ ሄድኩ። ቃልዬን አንተ ያዛት አልኩት። ሂጂ፣ እያየኋት ነው አለኝ።

ስመለስ ጩኸት። ሞላ ቀይ ሹራብ የለበሰች የሰው ልጅ እጇን ይዞ ይጎትታል። ነይ በቃ ቃልዬ፣ እናትሽ መጣች እያላት። ልጅቷ ታለቅሳለች። እናቷ እየሮጠች መጣችና «አንተ! ልጄን ወዴት ነው?» ብላ ደረቱን ገፋችው። ሰው ከበበው። እሱ ጎንበስ ብሎ የልጅቷን ፊት በጣም በቅርብ አየ። ከዚያ ለቀቃት። ፊቱ አመድ መሰለ።

የእኔስ ልጅ? የለችም። ዥዋዥዌው ጋ የለችም። ሸርተቴው ጋ የለችም። ለስላሳው ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። ስሟን ስጠራ ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

ያየቻት ሜሮን ናት። ከአጥሩ ሥር ቀዳዳ አለ፤ ቃልዬ በሱ ሾልካ ወጥታ ገደሉ አፍ ላይ ቁጭ ብላለች። እግሯ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ሞላ ከቆመበት ፊት ለፊት ነው፣ በጣም ቅርብ። እንዳልጮህ፣ ብትደነግጥስ? በሆዴ ተኝቼ በቀዳዳው ገባሁ። ቀሚሴ ተቀደደ። ሹራቧን ከኋላ ይዤ ሳብኳት።

አላለቀሰችም። አኩርፋለች እንጂ።

«አባዬን እጄን እያወዛወዝኩ ጠራሁት። አየኝና ዝም አለኝ።»

ቤት ስንደርስ ፀሐይ ነው አለኝ። ከምሳ በኋላ ሰማዩ ደመና ነበር።


ሰኞ፣ ኅዳር 4። ጠዋት

ማለዳ ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩለት፣ ሁልጊዜ ከሚያገኘው ቦታ ትንሽ ፈቀቅ አድርጌ። እጁ ባዶው ላይ ወረደ። ዳሰሰ። ፈገግ አለና ዛሬ ሻይ የለም እንዴ አለኝ። እንፋሎቱ ከፊቱ ይወጣል። አለ፣ ይኸው ብዬ እጁ ውስጥ አስገባሁለት።

ባልን እንዲህ መፈተን ኃጢአት ነው?

ጠጥቶ ወጣ። ሊነዳ። ሰው ጭኖ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁት፣ የደጃፉን ድንጋይ በእግሩ እየፈለገ ሲወርድ። ምንም አላልኩም። ምን ነክቶኝ ነው ምንም ያላልኩት?


ረቡዕ፣ ኅዳር 6። 9፡00 ሰ.

ካሳውን መናኸሪያ ሄጄ አገኘሁት። የሞላ ረዳት ነው፣ እንደኛው ልጆች የሚያሳድግ ሰው። ሞላ ጎማ ሊያስነፋ ሄዶ ነበር። ግድግዳው ጀርባ ወሰድኩትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት።

«ካሳው፣ ባሌ ያያል?»

መሬት መሬት አየ። ክዶ ይከራከረኛል ብዬ ነበር። አልተከራከረኝም።

«እታለም፣ ፊት ለፊቱን በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ሰው ያያል። ጎንና ጎኑ ጭራሽ የለም። እኔ ነኝ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ግራ፣ ቀኝ፣ ከብት አለ፣ ሰው አለ የምለው። ተሳፋሪው ወሬ የምናወራ ነው የሚመስለው።»

ከመቼ ጀምሮ? ከክረምቱ በፊት። ለምን አልነገርከኝም? አስምሎኛል አለ። ደግሞም እሱ ከወረደ እኔን ማን ያሠራኛል አለ። እንባው መጣ። ልቆጣው ፈልጌ አቃተኝ።

ከክረምቱ በፊት! በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ጉም፣ በሰው ዓይን እየነዳ። በየማታው እጁን ታጥቦ ከእኛ ጋር ራት ሲበላ ምን ይሰማው ነበር?

ሥራ ላይ ሦስት ጊዜ የታጠበ አንሶላ መልሼ ነከርኩ። አለቃዬ አሞሻል ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት።


ሐሙስ፣ ኅዳር 7። አመሻሽ

ተናገርኩት። ልጆቹን ጎረቤት ልኬ።

አየሁህ፣ እሑድ ዕለት አየሁህ አልኩት። የካሳውን ስም አላነሳሁም። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ተመስገን አለ። ተመስገን! ብቻውን መሸከሙ ሰልችቶታል።

ከዚያ ሁሉንም አወራኝ። ሰኔ ላይ መለዋወጫ ላመጣ ደሴ ልሄድ ነው ያለኝ ጊዜ የሄደው ሐኪም ዘንድ ነበር። የዓይን ግፊት ነው ብለውታል። የጠፋው ብርሃን አይመለስም፣ የዓይን ጠብታውን ካላቋረጥክ የቀረውን እናቆየው ይሆናል። መኪና ግን ዛሬውኑ አቁም። ጠብታውን እስኪያልቅ ተጠቀመ፣ ብልቃጡን እንዳላይበት ወንዝ ጣለው፣ ሌላ አልገዛም። ወልድያ ብገዛ የሚያውቀኝ ሰው ያያል ብሎ።

«እስከ ገና ብቻ» አለኝ። ገና ሲደርስ አገር ምድሩ ወደ ላሊበላ ይጎርፋል፣ ሾፌር ጥሩ የሚያገኘው ያኔ ነው። ከዚያ በራሴ ፈቃድ እወርዳለሁ።

አይሆንም አልኩ። ልጆቻችንን አነሳሁ። እሱም ልጆቻችንን አነሳ። የቤት ኪራዩን፣ የሜሮንን ት/ቤት፣ የእኔን ወገብ። ከዚያ ዝግ ብሎ፦

«ከመሪው ላይ ከወረድኩ እኔ ምንድን ነኝ? ንገሪኛ። እጄን ይዘሽ ቤ/ክ በር ላይ ታስቀምጪኛለሽ?»

አለቀስኩ። ፊቴን በእጁ ፈልጎ አገኘውና እንባዬን ጠረገ። አብረን ከሆንን ጀምሮ እንደዚህ ወድጄው አላውቅም፣ እንደዚህም ፈርቼው አላውቅም።

እስከ ገና እሺ አልኩት። አፌ ነው ያለው። ማርያምን አፌ ነው።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 9። ሌሊት

ሳሙና ልገዛ ተልኬ በመናኸሪያው በኩል አለፍኩ። ማለፍ አልነበረብኝም።

ሚኒባሱ እየሞላ ነበር። ሁለት ወንድማማቾች አባታቸውን ደግፈው ያስገባሉ፣ ወልድያ ሊያሳክሟቸው። አንዲት አራስ ሕፃኗን ታቅፋ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። ከኋላ ነጠላ የደረቡ አሮጊት አሉ፣ ከገነተ ማርያም የመጡ፣ በመልክ አውቃቸዋለሁ። ጠሩኝ።

«የሾፌሩ ባለቤት አይደለሽም? ሌላው መኪና ቀድሞ ሲወጣ ተውኩት እኮ። ያንቺን ባል ብዬ ነው የቆየሁ። ረጋ ያለ ነው፣ አያንገላታንም።»

በሰላም ይግቡ እማማ አልኩ። አልኩ! እጃቸውን ስሜ።

ረጋ ያለ ነው። ስለማያይ ነው እኮ ረጋ ያለው።

ማታ በሰላም ገባ። ለመመለሱ እግዜርን አመሰገንኩ፣ ከዚያ በማመስገኔ አፈርኩ። ማክሰኞም ይሄዳል፣ ሐሙስም ይሄዳል። በእያንዳንዱ ቀን እንዲህ ልሁን?


እሑድ፣ ኅዳር 10። ከሰዓት

ቃልዬ ሳምንቱን ሙሉ አባቷን አኩርፋ ነበር። ዛሬ ታረቀችው። ጭኑ ላይ ወጥታ ያን ቀን ጨዋታ ነበር ወይ አለችው። አዎ ጨዋታ ነበር፣ አንቺ አሸነፍሽኝ አላት። ሳቀች። ሜሮን አልሳቀችም። ሜሮን እኔን ነው ያየችው። ልጄ ታውቃለች።

ለአያ ተፈራ ብነግራቸው ባሌን ከጀርባው ወጋሁት ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ ፊቱን የማይበት ዓይን የለኝም። ዝም ብል የአራሷ ደም በእጄ ነው። ሦስተኛ ነገር አስቤያለሁ። እብደት ነው። ልጆቹን ይዤ ማለዳ

መጣ።


ሰኞ፣ ኅዳር 11። ጠዋት 3፡00 ሰ.

አደረግኩት።

ለዛሬ ድንገት ተጠርቶ ማለዳ ወጣ። ልጆቹን ቀስቅሼ አለበስኩ፣ ተከትዬው መናኸሪያ ሄድኩ። መኪናው ሞልቷል። ካሳው ከፊት፣ ከሞላ አጠገብ፣ እንደ ሁልጊዜው። ካሳው ከኋላ ሂድ፣ ዛሬ እኛ ነን እዚህ አልኩት። ገባው። ወረደልኝ።

ሜሮንን መሀል አስቀምጬ፣ ቃልዬን አቅፌ ተቀመጥኩ። ሞላ በድምፃችን ነው ያወቀን።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ወልድያን አይተው አያውቁም። ይዘኸን ሂድ።»

«ዛሬ አይሆንም። ውረዱ።»

«ለሌላ ሰው ልጅ ከሆነ ለእኛም ልጅ ይሆናል።»

ዝቅ አድርጌ ነው ያልኩት፣ ከእሱ በቀር ማንም አልሰማም። ሞተሩ እየሠራ ነው። ከኋላ ሾፌር እንሂድ እንጂ ይላሉ። ሜሮን ክንዴን ይዛ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። እኔ በልቤ፣ ከነዳ ምን አደርጋለሁ? ከነዳ እወርዳለሁ? ወይስ እጮሃለሁ? ይህን አላሰብኩም ነበር። እውነቴን ነው፣ አላሰብኩትም።

ማርሽ አስገባ። መኪናው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ቃልዬ በደስታ አጨበጨበች። ድምፁን ሲሰማ አቆመ። ወደ ልጆቹ ዞሮ ጎንበስ አለ፣ መጀመሪያ ሜሮንን፣ ከዚያ ቃልዬን፣ ከአፍንጫቸው አጠገብ ደርሶ አያቸው። ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ጠፋ።

«ወገኖቼ፣ ውረዱልኝ። ዓይኔ አያይም።»

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ከዚያ አንዱ መሳደብ ጀመረ። ከመቼ ጀምሮ ነው እኛን ስትጭነን የነበረው አለው። ሞላ ከክረምቱ በፊት ጀምሮ አለ። አልደበቀም። ሰውየው በሩን አላትሞ ወረደ። እውነቱን ነው። አንዲት ሴት ስትወርድ ትከሻውን ነካ አድርጋ እግዜር ይማርህ አለችው። ያኔ ነው ግንባሩን መሪው ላይ የደፋው።

ቁልፉን ለአያ ተፈራ በራሱ እጅ ሰጠ። አብሬው ነበርኩ። «ሰው አስፈጅተህ እኔንም ወህኒ ልትከተኝ ነበር» አሉት። ከፊቴ ጥፋ አሉት። ካሳው ከበሩ ውጭ ቆሞ ነበር፣ እኔን አላየኝም። አልፈርድበትም።


ያው ሰኞ። ከሰዓት

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ምሳ አልቀመሰም። ምናልባት ይህን አይምረኝ ይሆናል። ኪራዩ፣ ት/ቤቱ፣ ሁሉም እኔ ላይ ነው ከእንግዲህ። አስቤ መጨረስ አልችልም።

አንድ ነገር ግን ልጻፍ። ከአያ ተፈራ ቤት ስንመለስ፣ በዚያ ቁልቁለት፣ በሰው መሀል፣ ቆመና እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። ደረጃ ካለ ንገሪኝ አለኝ። ሰው እያየን እየነገርኩት ወረድን።

ሆቴል ፈቃድ ጠየቅኩ፣ አለቃዬ አይሆንም አለችኝ። ቢሆንም እሄዳለሁ፣ ያሻትን ታድርግ። ልጆቹን ጎረቤቴ ትይዝልኛለች። ጠብታው ከዚህ በላይ መቋረጥ የለበትም። የቀረችው የዓይኑ ብርሃን ትትረፍ።

ነገ ማለዳ ደሴ እንሄዳለን። ሌላ ሰው ይነዳል።