አልዞር ስላለው ሞተርና በር ላይ ስለተለጠፈው ወረቀት

ለተከበሩ የጋራዡ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና ቤተሰብዎ እንዴት ሰንብታችኋል እላለሁ። ጤናዎ፣ በተለይም የማስታወስ ችሎታዎ፣ ሙሉ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ሠራተኛዎ የሠራትን አንዲት ስህተት ከነቀኗ አስታውሰው በማኅተም አስፍረዋታልና። እኔ ጋራዥዎ ውስጥ «ጆሮ» እየተባለ የሚጠራው የሞተር ባለሙያ ሚስት ነኝ። ሞተር ሳይከፍት በድምፁ ብቻ ሕመሙን ስለሚያውቅ ይህን ቅጽል ያወጡለት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ያኔ ከእሱ ሥር ሥራ ይማሩ ነበር። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ያደረግኩት እርስዎም የቤቴን ጉዳይ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ስላደረጉ ነው። ትምህርቱን ከእርስዎ አገኘሁ፤ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ከሁለት ወር በፊት ባለቤቴ የአንድ ዳቦ ቤት መኪና ሞተር ሙሉ በሙሉ ፈትቶ፣ አጥቦና አድሶ ገጠመው። ሞተሩ ግን አልዞር አለ። ማስነሻው ሞተሪኖ ያቃስታል እንጂ አያስነሳውም። ባለቤቴ ባትሪ ቀየረ፤ አልሆነም። እምቅ አየሩ ወጥቶ ይቀለው እንደሆነ ብሎ ካንዴላዎቹን በሙሉ ነቀለ፤ አልቀለለውም። ቀበቶውን ፈታ፣ ዘይት ጨመረ፣ በመጨረሻም ረጅም ብረት ይዞ በክንዱ ሊያዞረው ሦስት ቀን ሙሉ ታገለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። ጥፋቱ ያለው ከሞተሩ ሆድ ውስጥ ነው። ዋናውን ዘንግ ከሥር አቅፈው የሚይዙ አምስት የብረት ክዳኖች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ቁጥር ተመትቶባቸዋል፣ ከየራሳቸው ቦታ በቀር የትም አይሆኑም። ባለቤቴ ሁለተኛውን በሦስተኛው ቦታ፣ ሦስተኛውን በሁለተኛው ቦታ አስሯቸው ነበር፤ ለዚህም ከሥራው ተሰናበተ።

ቢሮዎ ተራ ቁጥር ስለሚወድ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የሞተሩ ሆድ ሳይዘጋ በአጠገቡ ሲያልፉ የተቀያየሩትን ቁጥሮች በዓይንዎ አይተዋል። ይህን የነገረኝ የፈረቃው ኃላፊ ነው፤ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ፣ «እትዬ፣ ይቅር በሉኝ። ‹ተዉት፣ ራሱ ያግኘው፣ እስቲ እንየው› ብለውን ነው ዝም ያልነው» አለኝ። ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። አንድ የስልሳ ዓመት ሰው ሦስት ቀን ብረት ሲገፋ፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ፣ አሥራ አራት ሰው ቆሞ እንዲያይ ማድረግ ለሁሉም የሚቻል አይደለም። ትዝ ይልዎት እንደሆነ፣ መፍትሔውን ያስተማረዎት እሱ ነበር፤ ያውም በእኔ ገበታ ላይ። ከልብስ ስፌት መኪናዬ አምስት የክር ማጠንጠኛ ወስዶ፣ የሹራብ መሥሪያ ዘንጌን በመሐላቸው አስገብቶ፣ «የታደሰ ሞተር አልዞር ካለህ ክዳኖቹን አንድ በአንድ አላላቸው። የቱን ስታላላ ዘንጉ ነፃ እንደወጣ እይ፤ በዳዩ እሱ ነው» ሲልዎት፣ እርስዎ ሁለተኛ ሰሃን እየበሉ ነበር። ያን ምግብ አልቆጥርብዎትም። ትምህርቱን እሱ ረሳው፣ እርስዎ ግን አስታውሰው ዝም አሉ፤ ከሁለታችሁ የታመመው የትኛው እንደሆነ እኔ ያልተማርኩ ሴት ልፈርድ አልችልም።

2ኛ. ስንብቱን «ከባድ ቸልተኝነት» ብለው ስለጻፉት፣ የሐኪሙን ወረቀት ይዤ ቢሮዎ መጣሁ። ወረቀቱ ባለቤቴ የመርሳት በሽታ እንደያዘው፣ በሽታውም ከጀመረው ዓመት ሳያልፈው እንዳልቀረ ይናገራል። ጸሐፊዎ በትሕትና ተቀብላ «ደርሷል» የሚል ማኅተም መታችበትና ከፋይል ጋር አያያዘችው። ማኅተሙ በጣም ደማቅ ነበር፤ ስለ ቀለሙ አመሰግናለሁ።

3ኛ. ይህ ዋናው ነው። የስንብቱን ማስታወቂያ፣ ከነሙሉ ስሙና ከነጥፋቱ ዝርዝር፣ በጋራዡ በር ላይ ባለው የመስታወት ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። ባለቤቴ መባረሩን ማታ ይዞት ይተኛል፣ ጠዋት አያገኘውም። በማለዳ ተነሥቶ ቱታውን ይለብሳል፣ ምሳ ዕቃውን ይይዛል፣ ወደ ሥራው ይሄዳል። በሩ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ያነባል። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ያሰናበቱት አንድ ጊዜ ነው፤ ወረቀትዎ ግን እስከ ዛሬ ሃያ ሦስት ጊዜ አሰናብቶታል። ሃያ ሦስቱንም ጊዜ አዲስ ነው። ከኋላው በጥቂት እርምጃ ርቀት ስለምከተለው ትከሻው ሲወድቅ አየዋለሁ። ከዚያ ዞሮ ያየኛል፤ «እንዴት ብዬ ልንገርሽ?» ይለኛል። ሃያ ሦስት ጊዜ እንዳልሰማ ሆኜ ሰምቻለሁ።

አትልቀቂው ይሉኝ ይሆናል። አንድ ቀን በሩን ቆልፌበት ነበር። ከነምሳ ዕቃው በሩ ሥር ቆሞ «ረፈደብኝ፤ እኔ እኮ አርፍጄ አላውቅም» እያለ አለቀሰ፤ ከፈትኩለት። ዘበኛውንም ለምኜዋለሁ። «ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው እትዬ፤ ደንቡ ስልሳ ቀን ተለጥፎ ይቆይ ይላል» አለኝ። ደንብ ጥሩ ነገር ነው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል እንጂ ምሳሩ ስልሳ ቀን ይምታ የሚል ደንብ እንዳለ አላውቅም ነበር።

4ኛ. ይኸኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ በእኔ ላይ ነው። መነጽሩን ከስኳር ጣሳ ውስጥ ያወጣሁት ባለፈው ዓመት ነው። የእኅቱን ስም ሲፈልግ አጥቶ «ያቺ... የእኛዋ» ሲል ሰምቻለሁ፤ አብረንም ስቀንበታል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። እኔም ድካም ነው እያልኩ፣ የቱታውን ቁልፎች እያስተካከልኩ፣ በየማለዳው ወደ እናንተ ላክሁት። ያን ጊዜ ተናግሬ ቢሆን ያ ሞተር በእጁ አይገባም ነበር። እወደው ነበርና ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ሥራውን መልሱለት አልልም፤ የሰው ሕይወት የሚጫንበትን ሞተር ከእንግዲህ መንካት እንደሌለበት ከእርስዎ በላይ አውቃለሁ። ወረቀቱን ብቻ ያንሱልኝ። ደንቡ ካስቸገረዎት ፊቱን ወደ ግቢው አዙረው ይለጥፉት። በሩ ላይ ደርሶ ምንም ካላነበበ፣ ዛሬ እሑድ ነው ብዬ ወደ ቤቱ እመልሰዋለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ እርስዎም ለስልሳ ዓመት ሲበቁ የሚያርምዎት እንጂ የሚያይዎት እንዳይበዛ እየተመኘሁ፣ እጅ እነሣለሁ።

የጆሮ ሚስት፣ ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከፈረምኩ በኋላ ዛሬ ማለዳ እንደ ልማዳችን ሄድን። ወረቀቱን ከነስሙ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ትከሻው አልወደቀም። ደስ አለኝ። ቤት ገብቶ ጫማውን እየፈታ እንዲህ አለኝ፦ «አንድ ምስኪን አባረዋል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ክዳን አቀያይሮ ነው አሉ። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው፣ አንድ ሰው እንኳ አይነግረውም? ነገ በጠዋት ሄጄ አሳየዋለሁ።» ክቡር ሆይ፣ በዚያ ጋራዥ ለዚያ ሰው ያዘነለት የመጀመሪያው ሰው እሱ ራሱ ሆነ። ወረቀቱን ለማንሣት ከእንግዲህ አይቸኩሉ።