ከቁም ሣጥኑ ኋላ

ለምወድህ ወንድሜ፣

ከወረቀቱ በፊት ሰላምታዬ ይቅደምልኝ። እንደምን ከርመሃል? ሚስትህስ ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉልህ? የእማማስ ጉልበት ተሻላት? ግራ ጆሮህስ፣ ብርድ ሲነካት አሁንም ታምሃለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ ግን ሙሉ በሙሉ አትመነኝ።

አሠሪዬ ጡረታ የወጡ የሳይንስ አስተማሪ መሆናቸውን ነግሬሃለሁ። ሸረሪት እንደሚያረቡ ግን እንዳትስቅብኝ ደብቄህ ነበር። መዳፍ የሚያካክሉ፣ ፀጉራም ሸረሪቶች ናቸው፤ ሰባቱም በየመስታወት ሣጥናቸው ይኖራሉ። ምግባቸው በሕይወት ያለ በረሮ ነው። እዚያ በጫማ የምናሳድደውን በረሮ እዚህ ካሮት እየከተፍኩ እቀልበዋለሁ። እህትህ ሰው አገር ምን ትሠራለች ቢሉህ፣ በረሮ ታደልባለች በላቸው።

በረሮዎቹ የሚኖሩት የእንቁላል ካርቶን በተደረደረበት ባልዲ ውስጥ ነው። ክዳኑን ስከፍት ሁሉም እጥፋቱ ውስጥ ይገባሉ። እኔ ካርቶኑን እያራገፍኩ፣ የተደበቀውን በረጅም ወረንጦ እየለቀምኩ ለሸረሪቶቹ እሰጣለሁ። «አንቺ እኮ የተደበቀ አያመልጥሽም» ይሉኛል አሠሪዬ፣ ማመስገናቸው ነው። ለእኔ ግን የጎን ውጋት ሆኖብኛል። እማማ በረሮ ብላ የጠራችህ ፈጣንና መደበቂያ የማታጣ ልጅ ስለነበርክ አይደል?

ሆድ ይፍጀው ብዬ የኖርኩትን ዛሬ ልንገርህ። የአባባን ሬዲዮ የሰበርኩት እኔ ነበርኩ። አንተ ቁጣውን ፈርተህ ብቻ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ገባህ። አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «የት ገባ?» ሲለኝ በአገጬ ጠቆምኩት። በጥፊ ሲመታህ ቆሜ አየሁ። ያቺ ጆሮህ ከዚያ ወዲህ አልሰማችም። አንተ ግን እስከ ዛሬ «እዚያ ሆኜ ማሳሌ ነው ያጋለጠኝ» እያልክ ትስቃለህ። በሳቅህ ቁጥር እኔ አንዴ እሞታለሁ። ይህን ያህል አገር አቋርጬ የመጣሁት ከዚያች አገጬ ለመሸሽ ይመስለኛል፤ ተከትላኝ መጣች።

ባለፈው ሳምንት ትልቋ ሸረሪት መብላት አቆመች። አሠሪዬ ቆዳዋን ልትቀይር ነው አሉኝ። ያኔ ገላዋ ስለሚለሰልስ ሣጥኗ ውስጥ ሳይበላ የቀረው በረሮ መልሶ እሷን ሊበላት ይችላል፤ ስለዚህ ፈልጌ እንዳወጣውና ለሌላዋ እንድሰጠው አዘዙኝ። ከውኃ ሳህኗ ሥር አገኘሁት። ጢሙን እያወዛወዘ ጥጉን ይዞ ነበር፤ ልክ እንደ አንተ። ወረንጦውን አስቀመጥኩ። በጨርቅ ሸፍኜ ወደ ክፍሌ ወሰድኩትና ለቀቅሁት። ሮጦ የት የገባ ይመስልሃል? ከቁም ሣጥኔ ኋላ።

አንድ በረሮ አምልጦ ቤት ውስጥ ከተገኘ ሥራሽ አበቃ ያሉኝ ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ወዲያው መጡና ለሌላዋ አለመስጠቴን አይተው «የት ገባ?» አሉኝ፣ በዚያው በአባባ ቃል። አገጬን ወደ ደረቴ ቀበርኩና «አላየሁም» አልኳቸው። ሃያ ዓመት ዘግይታ የወጣች ቃል ናት። ይኸው አሁንም ስጽፍልህ ከኋላዬ ይንኮሻኮሻል። ልታስባርረኝ የምትችል ድምፅ ናት፤ ግን ዝም ስትል ይብስብኛል።

ይቅር በለኝ ለማለት እንኳ አፌ አልደፈረም፤ እጄ ግን ጽፎታል። እማማን ጉልበቷን ሳምልኝ። ለሚስትህ የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ታናሿን ጉንጯን ሳምልኝ። ታላቋን ደግሞ፣ እህቷ ተደብቃ የት ገባች ብለው ቢጠይቋት፣ አላየሁም እንድትል አስተምርልኝ።

እታለምህ

ከማድ ቤቱ ጎን ካለችው ክፍሌ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን