የጎመን መደባችንን ላጸዱልን ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የሠፈር ማስዋብ ዘመቻ ኃላፊ፤
ጉለሌ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ አላህ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤናውን ያብዛላችሁ፣ ማዕዳችሁንም ከኑሮ ውድነት ይሰውርላችሁ እያልኩ በታላቅ አክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሀጂራ እባላለሁ። ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ከሱቋ ጀርባ ባለው ተዳፋት ደግሞ ከጎረቤቴ ከደሳለች ጋር ጎመን፣ ቆስጣና ድንች እናለማለን። ቦታውን እንድናለማ የፈቀዱልን፣ ጎመኑ መሐል ቆመው ፎቶግራፍ የተነሱትም እርስዎ እንደነበሩ አልዘነጋሁም።

አንደኛ፣ ባለፈው ሳምንት ስለ ዓለም የምግብ እጥረት የሚመክሩ እንግዶች በሠፈራችን ያልፋሉ ተብሎ የጽዳት ሠራተኞች ስለላኩልን አመሰግናለሁ። እነሱም የታዘዙትን በትጋት ፈጽመው፣ መደቦቹን ያለበስንበትን የጫት ገረባ በሙሉ ጠርገው በመኪና ጭነው ወሰዱት። ጥፋቱ የእኛ ነው። ገረባው የአፈሩ ልብስ መሆኑን፣ እርጥበት እንደሚይዝና በስብሶም ማዳበሪያ እንደሚሆን በትልቁ ጽፈን መስቀል ነበረብን። እኔ ሰው ቅሞ የጣለውን ከየደጁ ስለቅም፣ ደሳለች ደግሞ የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ጫት ተሸክማ እንዳያዩዋት ነጠላዋን እየደረበችበት ስታመላልስ የከረምንበት ነገር ነበር።

ሁለተኛ፣ በማግሥቱ ዶፍ ጣለ። ራቁቱን የቀረው አፈር የላይኞቹን መደቦች ከነችግኛቸው ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። አስፋልቱ ላይ የቀረውን ጭቃ ወዲያው ስላስጠረጉልን ግን ሳላመሰግን አላልፍም።

ሦስተኛ፣ ትናንት አጥራችን ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ አገኘነው። ሰኞ የተረፈው መደብ ተነቅሎ የውበት ሣር እንደሚተከልበት ተነገረን።

አራተኛም ነበረኝ፤ ግን ቧልቱ ከአፌ ጠፋ። ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። ባለሱቅ ረሃብን ከሰው ቀድሞ ያያል። ዘይት በሊትር ይወስዱ የነበሩ ደንበኞቼ ዛሬ በብርጭቆ ያስለኩኛል፤ ጭራሽ ወደ ሱቋ ሳያዩ የሚያልፉም አሉ። ባሕር ማዶ ጦርነት በተነሳ ቁጥር ዱቄት ከመደርደሪያዬ ይጠፋል። ደሳለች ሦስት ልጆቿን የምታሳድረው ከዚያ መደብ ቆርጣ ነው። ከሰኞ በኋላ ምን እንደምታደርግ ብጠይቃት አፈሩን በጣቷ ገልጣ ያልደረሰውን ድንች አየችና መልሳ ሸፈነችው፤ ያን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ይህን ደብዳቤ በስሜ ማውጣቱም ያስፈራኛል፤ ሱቄም ግድግዳ አላት፣ ቀለሙም ገና አላለቀም። ቢሆንም ሌላ የምለምነው ሰው የለኝምና፣ መደቡን እንዲተዉልን፣ ይህ ካልሆነም ድንቹ እስኪደርስ እንኳ እንዲታገሱን እግርዎ ላይ ወድቄ እለምናለሁ።

ለጽዳት ያለዎትን ትጋት የማደንቅ፣ ለሆዳችንም እንዲሁ ቢተጉልን የምመኝ፣ ሰኞ ባልነጋ የምል አክባሪዎ፤

ሀጂራ ኑሕ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለእንግዶቹ ምሳ ትኩስ ጎመን እንዲያመጣ የላኩት ሰው ከእኛ መደብ ቆርጦ ወስዷል፤ እንግዶቹም እጅግ እንደወደዱት ሰምተናል። ሲመለሱ እንግዲህ ሣሩን ይቀቅሉላቸው።